ገንዘቤን በፍርድ ቤት ለማስመለስ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የልብስ ስፌት ሥራ አለኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ድሮ አብሮኝ ይሠራ ለነበረና እንደ ወንድም ለማየው ሰው ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. 120,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት ተጻጽፈን ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ መመለሻው ሰኔ 30 ቀን 2015 ነበር። መጋቢት ላይ ‹ዕቃ ተይዞብኛል፣ ድረሽልኝ› ሲለኝ ሌላ 60,000 ብር በባንክ ላክሁለት። ለዚህኛው አልተፈራረምንም፤ ሲለምነኝ ግን እናቴ አጠገቤ ነበረች። በየካቲት 2016 ዓ.ም. 20,000 ብር በቴሌብር መለሰልኝና ‹የቀረውን ከፋሲካ በኋላ እጨርሳለሁ› ብሎ መልእክት ጻፈልኝ። ያ ፋሲካ አለፈ፣ ሌላም ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌ ብልክ አልሆነም። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ‹ጉዳይሽ የፍትሐ ብሔር ነው› ብለው መለሱኝ። አሁን አዳማ ገብቷል፤ መኪናውንም ሊሸጥ ነው እያሉ ይነግሩኛል። ክስ እንዴት ነው የሚመሠረተው? የትኛው ፍርድ ቤት ልሂድ? ጠበቃ የግድ ነው? ሰው የጻፈልኝን ማመልከቻ አብሬ ልኬዋለሁና ይዩልኝ።»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማመልከቻውን ግን አንዴ አንብቤ አስቀመጥኩት፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፖሊሶቹ። ያሉሽ ልክ ነው። ተበድሮ አለመመለስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ገና ከጅምሩ በሐሰት አታሎሽ ገንዘቡን እንደወሰደ ካልታየ በቀር ነገሩ በሁለታችሁ መካከል ያለ የውል ጉዳይ ነው። በወንጀል ጉዳይ መርማሪው ማስረጃ ያሰባስባል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል፣ አንቺ ቀርበሽ መመስከር ብቻ ይጠበቅብሻል። በፍትሐ ብሔር ግን ሁሉም ያንቺ ሸክም ነው። ክሱን ጽፈሽ፣ ማስረጃውን ቆጥረሽ፣ የዳኝነት ክፍያውን ከፍለሽ፣ መጥሪያውን አድርሰሽ፣ በቀጠሮው ተገኝተሽ ካልገፋሽው መዝገቡ ባለበት ይቆማል። ዳኛው ስላንቺ ሆኖ የሚፈልግልሽ ወረቀት የለም።

ስለዚህ ማመልከቻ ከማስጻፍሽ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ በይና ባዶ ወረቀት ላይ መስመር አስምሪ። በግራ በኩል የሆነውን ሁሉ በየቀኑ ጻፊ፤ በቀኝ በኩል ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ያንን የሚያሳየውን ወረቀት ጻፊ። ቀኙ ባዶ የቀረበት መስመር ካለ የክርክርሽ ደካማ ቦታ እሱ ነው። አንቺ የምታውቂውና ለሌላ ሰው ማሳየት የምትችይው አንድ አይደሉም፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ይህን ባዶ ቦታ ተከሳሹ ሳይሆን አንቺ ቀድመሽ ማግኘት አለብሽ።

እኔ ከደብዳቤሽ ላይ ሞክሬው እንዲህ ወጣልኝ። የ120,000 ብሩ ፊት ለፊት ውል አለ፣ ፊርማ አለ፣ ሁለት ምስክር አለ፣ መመለሻ ቀን አለ። እዚህ ላይ ስጋት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሉ የቴምብር ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን እይ። ካልተከፈለበት ቀድመሽ ክፈዪና ጨርሺው፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሰነድ በማስረጃነት እንዳይያዝ መቃወሚያ ይነሳበታል፣ ለዚህ ብለሽ አንድ ቀጠሮ ማቃጠል የለብሽም።

ችግሩ 60,000 ብሩ ላይ ነው። «እናቴ አጠገቤ ነበረች» ብለሻል፤ ይህን ያልሽው እንደ ዋስትና ቆጥረሽው ይመስለኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 የሚለውን ልንገርሽ፤ ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው። በምስክር አይሆንም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም ቁጥሩ እዚያው ነው ያለው። እናትሽ እውነቱን ይናገራሉ፣ ዳኛውም በልቡ ያምናቸው ይሆናል፤ ግን ብድሩን በእሳቸው ቃል ብቻ ማቆም አይቻልም።

«ባንክ አለ እኮ!» ትይኛለሽ። አለ። የባንኩ ወረቀት ገንዘቡ ካንቺ ሂሳብ ወጥቶ እሱ ሂሳብ መግባቱን ይናገራል፤ ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም። «ዕቃ ገዝቼ ያመጣሁላት ዋጋ ነው»፣ «የነበረባትን ዕዳ ነው የከፈለችኝ»፣ «በስጦታ ነው» ቢልስ? እንዲህ ያለ መልስ በየችሎቱ ይሰማል። አሁኑኑ የባንክ መተግበሪያሽን ክፈቺና የዚያን ቀን ዝውውር እይው። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ ምን ጻፍሽ? «ብድር» ብለሽ ከሆነ እሰየው። «ለወንድሜ» ብለሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱኑ ነውና መልስሽን አዘጋጂ። የሂሳብ መግለጫውን ከቅርንጫፉ ማኅተም አስደርገሽ ውሰጂ፤ ከስልክ ላይ የተነሳ ፎቶ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን ወደ መልእክቱ እንምጣ። ከያዝሻቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ይመስለኛል፤ አንቺ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ነው ያለፍሽው። «የቀረውን ከፋሲካ በኋላ እጨርሳለሁ።» «የቀረውን» ሲል ዕዳ መኖሩን አምኗል፤ «እጨርሳለሁ» ሲል ለመክፈል ቃል ገብቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነቱ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል። ለ60,000 ብሩ «ጽሑፍ» ሆኖ ይበቃል ወይ ብትይኝ ያከራክራል፤ ምክንያቱም ስንት ብር እንደቀረ አይናገርም። የውሉን ቀሪ 100,000 ብር ብቻ ነው ወይስ 160,000 ብሩን? እሱ የፈለገውን መተርጎም ይችላል።

ይህንን ክፍተት ክስ ሳትመሠርቺ መድፈን ትችያለሽ። ማስጠንቀቂያ ጻፊለት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን በቁጥር 1772 ውሉን አላከበረም ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ማስጠንቀቅ እንዳለብሽ ይናገራል፤ በተለይ 60,000 ብሩ ቀን ያልተቆረጠለት ስለሆነ መጠየቅሽን ማሳየት ይኖርብሻል። ጥሩ ማስጠንቀቂያ ግን ከዚህም በላይ ይሠራል። በደንብ ተዘርዝሮ እንዲህ ይጻፍ፦ «ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 በውል 120,000 ብር፣ በመጋቢት 2015 በዚህ ቀን በባንክ 60,000 ብር በብድር ወስደሃል። ከዚህ ላይ በየካቲት 2016 20,000 ብር መልሰሃል። ቀሪውን 160,000 ብር ይህ በደረሰህ በአንድ ወር ውስጥ እንድትከፍል።» ቅጂውን አስቀሪ። በእጁ የሚቀበል ከሆነ በቅጂው ላይ ያስፈርሙት፤ አዳማ ስለሆነ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። ያንኑ ጽሑፍ በዚያው መልእክት በሚጽፍልሽ ቁጥር ላይም ላኪለት። «እሺ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብሎ ቢመልስ 160,000 የሚለው ቁጥር ከእሱ መልስ በላይ ተጽፎ ይኖራል። ስድብም ዛቻም እንዳትጨምሪበት፤ ያንን ወረቀት ነገ ዳኛ ያነብበዋል።

ስለ ጊዜው አትጨነቂ። የውል ክስ ይርጋው፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት ጊዜ፣ 10 ዓመት ነው፤ በዚያ ላይ ከፊሉን መክፈሉና ዕዳውን ማመኑ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። (ሌሎች አንባቢዎች ግን ልብ በሉ፦ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት፣ ለምሳሌ መኪና ገጭቷችሁ ካሣ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ያላችሁ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ብዙ ሰው አይቻለሁ።)

የት ትከሻለሽ? ብዙ ሰው «ተከሳሹ ባለበት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ አዳማ መመላለስ ይጀምራል። ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ መክሰስ መሠረቱ ነው፤ በውል ጉዳይ ግን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም መክሰስ ይቻላል። ውላችሁ የተፈረመው አዲስ አበባ ከሆነ እዚሁ ትከሻለሽ። አንቺ አዲስ አበባ፣ እሱ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነዋሪ በመሆናችሁ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የገንዘቡ መጠን ደግሞ ደረጃውን ይወስናል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን የሚያየው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በከተማው ውስጥ የትኛው ምድብ ችሎት እንደሚቀበልሽ በአቅራቢያሽ ያለውን ምድብ የመረጃ ክፍል ጠይቂ፤ ይነግሩሻል።

አሁን ማመልከቻው። የጻፈልሽን ሰው አላውቀውም፣ አልፈርድበትምም፤ ግን ተይው። ሲጀምር «ተከሳሽ የበላበትን ወጭት ሰባሪ፣ ፈጣሪውን የማይፈራ ከሃዲ በመሆኑ» ይላል። ታኅሣሥ 12 የምትለው ቀን ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው የምትገኘው። የመለሰልሽ 20,000 ብር ጭራሽ የለም። መጨረሻ ላይ «የተከበረው ፍርድ ቤት ተገቢውን ፍትሕ እንዲሰጠኝ» ይላል። ተገቢው ፍትሕ ስንት ብር ነው?

ድሮ በአገራችን በላ ልበልሃ ሲባል ነገር አዋቂው በአንደበቱ፣ በቅኔው፣ በምሳሌው ተከሳሹን ያርበደብድ ነበር። ያ ውበት ከቃል ሙግት ጋር ቀርቷል፤ ማመልከቻ ላይ ሲገባ ግን ፍሬ ነገሩን ይሸፍነዋል። ዳኛው በቀን የሚያገላብጠው መዝገብ ብዙ ነው፤ ከሃዲነቱን ለማወቅ ጊዜ የለውም፣ ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን ማስረጃ የሚለውን ነው የሚፈልገው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ምን መያዝ እንዳለበት በቁጥር 222 ዘርዝሯል። የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት የሆነው ነገር መቼና የት እንደተፈጸመ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነ፣ የክሱ ገንዘብ መጠን፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልሽ የምትፈልጊው። ብዙ ገጽ አይፈልግም። ያንቺን እኔ ብጽፈው ፍሬ ነገሩ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«1. ተከሳሽ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገ የብድር ውል ከከሳሽ ብር 120,000 (አንድ መቶ ሃያ ሺህ) ተበድረው እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊመልሱ ግዴታ ገብተዋል። ውሉ በማስረጃ ዝርዝር ተራ ቁጥር 1 ቀርቧል።

2. ተከሳሽ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ተጨማሪ ብር 60,000 (ስልሳ ሺህ) በብድር ጠይቀው ከሳሽ በባንክ ሂሳባቸው አስገብተዋል። የሂሳብ መግለጫው በተራ ቁጥር 2 ቀርቧል።

3. ተከሳሽ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ብር 20,000 (ሃያ ሺህ) መልሰው ቀሪውን ከፋሲካ በኋላ እንደሚከፍሉ በመልእክት አረጋግጠዋል። በተራ ቁጥር 3 እና 4 ቀርቧል።»

እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው በቁጥር መክፈሌ ለማማር አይደለም። ተከሳሽ መልስ ሲሰጥ በክሱ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ መካድ አለበት፤ ለይቶ ያልካደውን እንዳመነ ይቆጠርበታል። ሁሉንም በአንድ ረጅም አንቀጽ ካደባለቅሽው «የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው» ብሎ በአንድ ቃል ያመልጥሻል። ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ግን ወይ «ገንዘቡ አልገባልኝም» ማለት አለበት፣ ያኔ ባንኩ ያሳፍረዋል፤ ወይ «ገብቶልኛል፣ ግን ብድር አይደለም» ማለት አለበት፣ ያኔ ደግሞ ታዲያ ምን እንደነበር ማስረዳት ይመጣል። ዳኛው ፊት በመሐላ እንዲጠየቅልሽም ማመልከት ትችያለሽ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሐላን አላስቀረም።

የ20,000 ብሩ ነገርም ቀላል አይደለም። «ራሱ ያንሳው» ብለሽ ብትተዪው ያነሳዋል፤ ማንሳት ብቻ ሳይሆን ቀሪው ያልሽውም በሙሉ እንዲጠረጠር ያደርገዋል። የተቀበለችውን ራሷ የጻፈች ከሳሽ፣ አልተቀበልኩም ያለችውንም ዳኛው ያምናታል።

ዳኝነቱን ደግሞ እንዲህ ዘርዝሪው፦ ዋናው ገንዘብ ብር 160,000፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ እስኪከፍል ድረስ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ፤ የዳኝነት ክፍያን ጨምሮ ወጪና ኪሳራ። ወለዱ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል፤ ካልጠየቅሽው ግን ማንም አይሰጥሽም። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። ከማመልከቻው ግርጌ ክሱ እውነት መሆኑን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የሚያረጋግጠውን ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ፈርሚበት። ከዚያ የማስረጃ ዝርዝር ታያይዣለሽ፤ የሰነዶቹን ቅጂ፣ የሁለቱን የውል ምስክሮች ሙሉ ስም፣ አድራሻና ምን እንደሚያስረዱ። ሁሉንም ለፍርድ ቤቱና ለተከሳሹ በሚበቃ ቅጂ አዘጋጂ፤ ዋናዎቹን ቤት አስቀምጪና ለማመሳከር ሲጠየቁ ይዘሽ ቅረቢ።

«ውል ስላለኝ በአጭሩ አያልቅም ወይ?» የሚል ጥያቄም ሊመጣብሽ ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 የተደነገገ አጭር ሥነ ሥርዓት አለ፤ በጽሑፍ ለተረጋገጠ የታወቀ ገንዘብ ነው የሚያገለግለው፣ ተከሳሹም ለመከላከል መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ለ120,000 ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ምረጪ እልሽ ነበር። 60,000 ብሩ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ለሁለት መክፈልም ይቻላል፣ ሁለት ብድር ናቸውና። የእኔ ምርጫ ግን በአንድ መደበኛ ክስ አጣምረሽ ማቅረብ ነው። መልእክቱም፣ የከፈለውም 20,000 ሁለቱንም ብድር ስለሚነካ አንድ ላይ ሲታዩ አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ማመልከቻውን ይዘሽ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) ስትደርሺ መጀመሪያ ቅርጹ ይታያል፤ አድራሻ የጎደለበት፣ የገንዘቡ መጠን ያልተጻፈበት፣ ፊርማ የሌለበት ይመለሳል። እኔ በወጣትነቴ ከዚያ መስኮት ጀርባ ሠርቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆሞ ሳየው የጎደለው ብዙውን ጊዜ የተከሳሹ የቤት ቁጥር ነበር። የዳኝነት ክፍያው በጠየቅሽው ገንዘብ ልክ የሚያድግ ነውና መጠኑን እዚያው ያሰሉልሻል፤ ከፍለሽ ደረሰኙን ስታመጪ መዝገብ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይሰጥሻል። ያንን ቁጥር ስልክሽም ማስታወሻሽም ላይ ጻፊው። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ንብረትና ገቢ እንደሌለው ማሳየት አለበት።

ስለ መኪናው። ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ማስታወቂያ ለጥፎ ከሆነ፣ ደላላ ካዞረው፣ ያንን ያዢ። ፍርድ ቤቱ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር ሊያዝ የሚችለው ንብረቱን የሚያሸሸው ፍርዱ እንዳይፈጸም ብሎ መሆኑ ሲታየው ነው። ክሱን በምታስገቢበት ቀን አቤቱታውን በቃለ መሐላ አስደግፈሽ አብረሽ አቅርቢ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንም ጻፊበት። ያለበቂ ምክንያት አሳግደሽ ከተገኘሽ በጉዳቱ ልትጠየቂ ስለምትችይ ግን ተጠንቀቂ።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ መጥሪያ ትቀበያለሽ፤ ለእሱ የማድረሱ ጣጣ ያንቺ ነው። አዳማ ሆኖ ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ያደረሰው ሰው ያንን በቃለ መሐላ ያስረዳል፤ ፍርድ ቤቱም በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በበሩ ላይ ተለጥፎ ወይም በጋዜጣ ወጥቶ እንዲደርሰው ሊያዝ ይችላል። መጥሪያው ደርሶት ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። አንቺ ካልቀረብሽ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል፤ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ይዘሽ እንዲከፈትልሽ ማመልከት አለብሽ። ትራፊክ በቂ ምክንያት አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ለመደበኛ ጉዳይ ዕረፍት ስለሚወጡ ሰኔ ላይ የሚከፈት መዝገብ ቀጠሮው ወደ አዲሱ ዓመት ቢሻገር አትደንግጪ።

እሱ በመልሱ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል፤ ሥልጣን የለውም፣ በይርጋ ታግዷል የመሳሰለውን። ከላይ ስላየነው አያሰጋሽም። ከዚያ ዳኛው ጭብጥ፣ ማለትም የሚወሰነውን አከራካሪ ጥያቄ፣ ይይዛል፤ ያንቺ ጭብጥ ምናልባት አንድ ብቻ ይሆናል፦ 60,000 ብሩ ብድር ነው ወይስ አይደለም? ማስረጃ ይሰማል፣ ይፈረዳል። ቅር ያለው ወገን በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ተፈርዶልሽ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍቻለሽ፤ ያኔ አንቺ የፍርድ ባለመብት፣ እሱ የፍርድ ባለዕዳ ትባላላችሁ። መኪናው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ጠበቃ የግድ አይደለም፤ ራስሽ መከራከር ትችያለሽ። የቅርብ ቤተሰብሽም በውክልና ሊቆምልሽ ይችላል። ለ120,000 ብሩ ብቻ ቢሆን ጠበቃ አትያዢ ብዬ በድፍረት እነግርሽ ነበር። የ60,000 ብሩን ክርክር ስለማውቀው ግን ቢያንስ ማመልከቻውንና የመልስ መልሱን (ለእሱ መልስ የምትሰጪውን ምላሽ) የሕግ ባለሙያ እንዲያይልሽ እመክራለሁ። ሁሉን ነገር ሳይሆን ይህንን ብቻ ለይተሽ ማሠራት ትችያለሽ፤ ዋጋውንም በጽሑፍ ተዋዋዪ። አቅም ካጠረሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ በደብዳቤሽ ባትጠይቂውም ከመስመሮቹ መሐል አይቼዋለሁ። «እንደ ወንድም የማየው» ብለሻል። ክስ ማቅረብሽ መታረቅን አይዘጋም፤ እንዲያውም በዚያው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረት ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ ማስማሚያ ሊመራችሁ ይችላል። መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ስልክ የሚደውል ተከሳሽ ብዙ ነው። ቢደውልልሽ አነጋግሪው። «በሦስት ጊዜ ልክፈል» ቢልሽና ብትስማሚ ግን መዝገቡን ዝም ብለሽ አትዝጊ፤ ስምምነቱን ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡትና በመዝገቡ ላይ ይጽደቅ። ያኔ ሁለተኛውን ክፍያ ቢያስቀር እንደገና መክሰስ አያስፈልግሽም፣ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ትሄጃለሽ።

እስከዚያው ድረስ ስልክሽን አትቀይሪ፣ የእሱንም መልእክት አታጥፊ። ዛሬውኑ ከመልእክቱ ገጽ ላይ ቁጥሩና ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ አሳትሚና ከውሉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስገቢው።